የጋሽ ማክቤል መኪና ተለዋጭ ቁልፍ

ጋሽ ማክቤል ከሞቱ ዛሬ ሃያ ሁለት ቀናቸው ነው፤ ለመኪናቸው ግን እስካሁን መርዶ የነገራት የለም። መርዶ ነጋሪ ጠፍቶ አይደለም። የሞት ማስረጃው በሦስቱም ወራሾች ካልተፈረመ ወደ መኪናዋ አይላክም፤ ሦስቱ ወራሾች ደግሞ ከሁለት እናት የተወለዱ፣ በሠርግም ሆነ በለቅሶ በአንድ ድንኳን ተቀምጠው የማያውቁ ናቸው። ፍርድ ቤቱ ለጥቅምት አሥራ አራት ቀጥሯቸዋል። አሁን ገና ሰኔ ነው።

እስከዚያ በየጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ሻሼን አስሬ ወደ ግቢያቸው እሄዳለሁ። ኮፈኑ ላይ ያደሩትን ዶሮዎች አባርራለሁ፤ የሹፌሩን በር እጀታ በግራ እጄ ጨብጬ መብራቱ አረንጓዴ እስኪሆን እቆማለሁ።

“እንደምን አደሩ፣ ወይዘሮ ሀያት” ትለኛለች መኪናዋ። “ዋናው ቁልፍ ከታዩ ሃያ ሁለት ቀን ሆኗቸዋል። ደኅና ናቸው?”

“ደኅና ናቸው” እላለሁ።

“ሰላምታዬን ያድርሱልኝ።”

“አደርሳለሁ።”

ሌላ መልስ መስጠት ይቻላል። ከሰፈራችን አንድ ሰው ተናድዶ እውነቱን ለሟች ጎረቤቱ መኪና ነገራት፤ ባልተረጋገጠ ወሬ ተብሎ መኪናዋም እጁም በአንድ ላይ ተቆለፉበት። ከዚያ ወዲህ ለመኪና እውነት የሚናገር አላየሁም።

ከግቢው ስወጣ መንገዱ ሞልቶ አገኘዋለሁ። የባንኩ ሥራ አስኪያጅ በነጠላ ጫማ ወደ ሥጋ ሻጩ መኪና ይሮጣል፤ የሥጋ ሻጩ ሚስት ወደ መምህሩ መኪና፣ መምህሩ ወደ ሸህ አብዱ መኪና። ፊቱን የታጠበ ጥቂት ነው። በኮምቦልቻ “እንዴት አደርክ” ቀርቷል፤ “ነካህ?” ነው የሚባለው። “ነካሁ፣ አልሐምዱሊላህ፤ አንተስ?”

ሁለት ቁልፍ የሌለው መኪና ቦሎ አይለጠፍለትም። ፋብሪካው የሚልከው ተለዋጭ ቁልፍ የመኪናውን ግማሽ ዋጋ ይጠይቃል፤ እስኪመጣም ዓመት ከመንፈቅ ይፈጃል። ሰው ግን ርካሽ ነው። ጎረቤት ደግሞ ከናካቴው በነጻ ነው። እንዲህ እንዲህ እያለ ከተማው ሁሉ የጎረቤቱ ተለዋጭ ቁልፍ ሆኖ አረፈው። ለተለዋጭነት የሚመዘገበው ግራ እጅ ብቻ፣ እሱም ለአንድ መኪና ብቻ ስለሆነ ነጻ እጅ ተወደደ። ዛሬ ሽማግሌ ልከው ልጅ ሲጠይቁ ስለ ጸባይዋ ከመጠየቃቸው በፊት “እጇ ተይዟል ወይስ ነጻ ነው?” ይላሉ።

ደንቡ አጭር ነው። ቁልፍ በየቀኑ መኪናውን ይነካል። ቁልፍ ከመኪናው ከአርባ ኪሎ ሜትር በላይ አይርቅም፤ ከራቀ የተሰረቀ ቁልፍ ይባልና ይዘጋል። የእጅ መዘጋት ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ ዳቦ ቤቱ ደጃፍ የሚቆመውን ይመርን ማየት ይበቃል። ለወንድሙ ቀብር በጭነት መኪና ተደብቆ ራያ ድረስ ሄዶ ነው የተዘጋው። ሁለት ዓመቱ ነው። ዳቦውን ሚስቱ ትገዛለታለች፤ የገዛ ቤቱን በር ሚስቱ ትከፍትለታለች። እሷ ገበያ ስትወጣ እሱ ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃታል። የክሊኒኩ በር እንኳ አይከፈትለትም።

እኔ ተለዋጭ የሆንኩት በገዛ አፌ ነው። ባሌ ኢምራን የሞተ ጊዜ ጋሽ ማክቤል የሰፈራችን ቅሬ ዳኛ ነበሩ፤ ሌላው አገር ዕድር የሚለውን እኛ ወሎዎች ቅሬ እንላለን። ሬሳውን ከደሴ ሆስፒታል በዚህችው መኪና ያመጡት እሳቸው፣ ድንኳን ያስተከሉት እሳቸው፣ እኔ ራሴን ስስት ውሃ የረጩኝ እሳቸው ናቸው። አርባው ሳይወጣ አንድ ከሰዓት በኋላ መጥተው በረንዳዬ ላይ ተቀመጡና ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ።

“ሀያትዬ፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ ነበር። ግን ይቅር።”

“ኧረ ይንገሩኝ ጋሼ።”

“ተይው። ሐዘን ላይ ነሽ፤ እንዲህ ያለ ነገር አይወራም።”

“በአላህ ይንገሩኝ! ለእርስዎ የማልሆን ለማን ልሆን ነው?”

“አይ፣ ይቅር ይቅር።”

እኔ ደግሞ ተነሥቼ እግራቸው ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም። እንዲጠይቁኝ ለመንኳቸው። ልብ በሉ፤ የለመንኩት እኔ ነኝ። በማግስቱ መዝጋቢው ፊት “በፈቃድዎ ነው?” ስባል “እንዴታ!” ብዬ ጮኼአለሁ። ወረቀቱን ማንበብ እሳቸውን መጠርጠር መስሎ ስለታየኝ ሳላነበው ነው እጄን የሰጠሁት።

አራት ዓመት ምንም አልተሰማኝም። አርባ ኪሎ ሜትር ለእኔ ሰፊ ነበር፤ ደሴም ሐርቡም ውስጡ ናቸው። አንዲት ልጄ ኢክራም ስታገባ ሠርጉ እዚሁ ሆነ፤ ከዚያ ባሏ አማን ሐዋሳ ወሰዳት። ሐዋሳ ሩቅ መሆኑን ያወቅኩት ስታረግዝ ነው።

በአገራችን የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ነው የሚወለደው። ልጅቷ ከባሏ ቤት ወደ እናቷ ትመጣለች፤ ወልዳ፣ ታርሳ ትመለሳለች። ኢክራም ግን ደም ግፊቷ ወጣና ሐኪሙ ከአልጋ እንዳትወርድ አዘዘ። የምትወልደው በሐምሌ መጨረሻ ነው።

“እማ፣ አንቺ ካልመጣሽ እኔ አልወልድም” አለችኝ በስልክ። የሃያ ስድስት ዓመት ሴት ናት።

“ይሄ ደግሞ አንቺ የምትወስኚው ነው?”

“አልስቅም እማ። ፈርቻለሁ። ሐኪሙ ከአማን ጋር ብቻ ነው የሚያወራው።”

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ እኔም ፈራሁ። እናቴ እኔን ስትወልድ እንዴት እንደሞተች ለኢክራም ነግሬያት አላውቅም።

የቁልፍ አገልግሎት መስሪያ ቤት ቦርከና ወንዝ አጠገብ ነው። ከመስኮቱ በላይ “ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው” የሚል ትልቅ ጽሑፍ አለ። መስኮቱ ውስጥ ያለው ልጅ ትሑት ነበር፤ ትሑት ሰው ደግሞ ሲከለክል ያደክማል።

“ልጄ ልትወልድ ነው፣ ሐዋሳ።”

“እንኳን ደስ ያለዎት እናቴ።”

“ለሁለት ወር ፈቃድ ፈልጌ ነው።”

ሰሌዳውን አየና ፊቱ ወደቀ። “እናቴ፣ እርስዎ እኮ አሁን ተለዋጭ አይደሉም። ዋናው ቁልፍ አሥራ አምስት ቀን ካልታየ ተለዋጩ ብቸኛ ቁልፍ ይባላል። ብቸኛ ቁልፍ አምስት ኪሎ ሜትር ነው።”

“ምን?”

“አምስት። ደሴም አይቻልም።”

“ሰውየው እኮ ሞተዋል! ቀብሬያቸው ነው የመጣሁት።”

“እኔም ቀብሩ ላይ ነበርኩ” አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። “ሲስተሙ ግን አልነበረም።”

ከኋላዬ የተሰለፉት መሳቅ ጀመሩ። እኔ አልሳቅኩም። ወጥቼ ድልድዩ ላይ ቆምኩና ዙሪያዬን አየሁ። ሐረጎ ተራራ እዚያው ነው፤ ከተራራው ጀርባ ደሴ አለች፤ ዕድሜዬን ሙሉ ስመላለስበት የኖርኩት መንገድ ነው።

ድሮ ቁልፍ ይቀርጹ የነበሩ ጋሽ ኢዮስያስ የሚባሉ ሽማግሌ ገበያው ጥግ ላይ አሁንም የቆርቆሮ ሱቅ አላቸው። ማንም የማይገዛው የብረት ቁልፍ በሽቦ ተሰክቶ ግድግዳው ላይ ተንጠልጥሏል። ሰዎች ወደ እሳቸው የሚሄዱት መስሪያ ቤቱ ያልነገራቸውን ለመስማት ነው።

“ድሮ” አሉኝ “አንድ ሻይ ጠጥተሽ እስክትጨርሺ ተለዋጭ ቁልፍ እቀርጽልሽ ነበር። በሱሪ ኪስ ይዘሽው ሱዳን ብትሄጂ ማንም አይጠይቅሽም።”

“ጋሼ፣ አሁን ምን ላድርግ?”

“ምንጊዜም ቁልፍ ከቁልፍ ነው የሚቀረጸው። ያ አልተለወጠም። ነጻ እጅ ያለው ሰው ፈልጊ፤ ሁለታችሁ መኪናዋ ዘንድ ቁሙ፤ ከቅሬው አንድ ሰው ይመስክር። ያንቺ እጅ ይወጣል፣ የእሱ ይገባል። ባለቤቱ አይጠየቅም።”

“መስኮቱ ላይ ያለው ልጅ ይህን ለምን አልነገረኝም?”

“ጠይቀሽዋል?” አሉና ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸው ጠፋ። “ግን የሞተ ሰው መኪና ማን ይቀበልሻል? የቸገረው ካልሆነ፤ የቸገረው እርጉዝ ያገባል።”

ለሁለት ሳምንት ያላንኳኳሁት በር የለም። የእህቴ ልጅ ተይዟል። የኢምራን ወንድም ተይዟል። መስጊድ ያገኘኋቸው ሴቶች ሁሉ “ተይዟል” እያሉ እጃቸውን ገልብጠው አሳዩኝ። ነጻ እጅ ያለው አንድ ሽማግሌ ባገኝ “ለልጄ መኪና አስቀምጬዋለሁ” አለኝ፤ ልጁ ገና አንደኛ ደረጃ ተማሪ ነው።

በኮምቦልቻ ነጻ እጅ የቀራት አንዲት ሰው ነበረች። ግቢዬ ውስጥ ያለችውን አንዲት ክፍል የተከራየችው ፌቨን። ሒሳብ አስተማሪ ናት፤ ከደሴ ተዛውራ ከመጣች ሁለት ወሯ ነው፤ ሰው ገና አልተላመደችም። ደሴ አልጋ ላይ የዋለች እናት አለቻት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሄዳ ገላዋን አጥባ፣ ልብሷን ቀይራላት ትመለሳለች። ሌላ ጠያቂ እናቲቱ የላትም።

በሐምሌ መጀመሪያ ፌቨን ታይፎይድ ያዛት። አሥራ አንድ ቀን አስታመምኳት። ሾርባ ሠራሁላት፣ ግንባሯን በእርጥብ ጨርቅ ያዝኩላት፣ ቅዳሜ ሲሆን ስለ እናቷ ስታለቅስ ደሴ ያለች ዘመዴን ልኬ እናቲቱን አስጠየቅሁላት። ልቤ ንጹሕ ነበር? እስከ ሦስተኛው ቀን አዎ። በአራተኛው ቀን ሾርባውን ሳማስል ጋሽ ማክቤል ለኢምራን ድንኳን ያስተከሉ ዕለት ምን ያስቡ እንደነበር ራሴን ጠየቅኩ። ከዚያ ጨው ጨምሬ ወሰድኩላት።

በተሻላት በማግስቱ አማን ደወለ። የኢክራም እግር አብጧል፤ ሐኪሙ ቀኑን ሊያስቀድመው ነው፤ ዓርብ ትገባለች። ዕለቱ ማክሰኞ ነበር።

ፌቨን በረንዳ ላይ ፀሐይ ስትሞቅ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

“ፌቨንዬ፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ ነበር። ግን ይቅር።”

“ኧረ ይንገሩኝ እትዬ ሀያት!”

“ተይው። ገና ከበሽታ የተነሣሽ ልጅ ነሽ።”

“በማርያም! እኔ እኮ ያለ እርስዎ አፈር ሆኜ ነበር። ይንገሩኝ!”

ቃላቱ በራሳቸው ነው የመጡት። ሦስት ጊዜ እምቢ አልኳት፤ ሦስት ጊዜ ለመነችኝ። ስነግራት እጇን አየች።

“ደሴ መሄድ እችላለሁ?”

“ደንቡ አርባ ኪሎ ሜትር ነው” አልኩ። “ደሴ ሃያ አምስት እንኳ አትሞላም።”

ውሸት አልነበረም። ደንቡ አርባ ነው። ስለ አምስቱ አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልነገርኳትም። “ደግሞ ለአርባ ቀን ብቻ ነው፤ ልጄ ታርሳ እንደተነሣች መጥቼ መልሼ እወስደዋለሁ” አልኳት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፤ ግን በአላህ እምላለሁ፣ ይህን ስናገር ልመለስ አስቤ ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ከቅሬው ሸህ አብዱ መጥተው ቆሙ። ሁለታችን እጀታውን ያዝን። “በፈቃድዎ ነው?” አለች መኪናዋ።

“እንዴታ!” አለች ፌቨን፤ ወደ እኔ ዞራም ፈገግ አለች።

እጄ ሲወጣ አንጓዬ ላይ ትንሽ ቅዝቃዜ ብቻ ነው የተሰማኝ። ሐሙስ ንጋት ላይ ሐርቡን አለፍኩ፤ አውቶቡሱ አልቆመም። ሸዋ ሮቢት ስንደርስ በመስኮቱ እያየሁ አለቀስኩ። ጎኔ የተቀመጠው ሰውዬ “አብሽሪ እናቴ፣ ማን ሞቶብሽ ነው?” አለኝ። ማንም እንዳልሞተብኝ ለማስረዳት ቸገረኝ።

ኢክራም ዓርብ ረፋድ ላይ በቀዶ ጥገና ወለደች። ከክፍሉ ሲያወጧት ከንፈሯ ነጭ ነበር፤ እጄን ጨብጣ አልለቀቀችኝም። ልጅቷን ስሰጣት “እማ፣ መጣሽ” አለች፤ ቀድማ ያየችኝን ረስታ ገና አሁን የደረስኩ መሰላት። ከዚያች ሰዓት በላይ የተደሰትኩበት ቀን የለኝም። በሰባተኛው ቀን ነጃት ብለን ስም አወጣንላት።

የፌቨን መልእክት የደረሰኝ ከዚያ በፊት፣ ኢክራም በወለደች በማግስቱ ቅዳሜ ነው። በድምፅ ነው የላከችው፤ ከኋላዋ የመኪና ጡሩምባ ይሰማል። “እትዬ ሀያት፣ እንኳን ማርያም ማረቻት! ዛሬ አውቶቡሱ ሐረጎ ሳይደርስ አወረደኝ። እጅሽ አያሳልፍም አለኝ። ስህተት ይሆናል አይደል? ሲመቸዎት ይደውሉልኝ፣ እማዬ ብቻዋን ናት።”

ሁለት ጊዜ ሰማሁት። ማታ እደውላለሁ አልኩ፤ ማታ ልጅቷ አለቀሰች። በማግስቱ እደውላለሁ አልኩ። በአርባኛው ቀን ሄጄ ፊቷ ቆሜ ይቅርታ እጠይቃታለሁ፣ እጇንም አወጣላታለሁ ብዬ ለራሴ ነገርኩና ተኛሁ።

ስም የወጣላት ዕለት እንግዳው ከሄደ በኋላ የአማን እናት ወይዘሮ ሰሚራ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ቀረች። ሰባ ሁለት ዓመቷ ነው። የልጇ መኪና ተለዋጭ እሷ ናት፤ ስድስት ዓመት። ስድስቱንም ዓመት ለሐጅ ስትመዘገብ ቆይታ ዘንድሮ ተራዋ ደርሷል። አማን ወለሉን ያያል። ኢክራም ልጅቷን እያጠባች ነበር።

“እማ” አለችኝ “እጅሽ አሁን ነጻ ነው አይደል?”

ሁሉም ወደ እኔ አየ። ወይዘሮ ሰሚራ ግን አላየችኝም፤ መቁጠሪያዋን ይዛ አንገቷን ደፍታ ነበር። እሷ አልለመነችኝም። እኔም አልለመንኳትም። ማንም ማንንም መለመን አላስፈለገውም።

ከሐዋሳ አርባ ኪሎ ሜትር ኮምቦልቻ አያደርስም፤ ዝዋይም አያደርስም። ይህን ለኢክራም መንገር እችል ነበር። “ደሴ አንዲት እናት አለች” ብዬ መጀመር እችል ነበር። ከዚያ ግን ሾርባውን፣ አራተኛውን ቀን፣ ያልነገርኳትን አምስት ኪሎ ሜትር ሁሉ መናገር ሊኖርብኝ ነው። ልጄ ገና ስፌቷ አልደረቀም። ደግሞ እውነቱን ልናገርና፣ ከነጃት ጋር መቅረት ፈልጌ ነበር። ፈልጌ ነበር፤ ስለዚህም አፈርኩ።

“ነጻ ነው” አልኩ።

በማግስቱ ጠዋት አማን ከዕድራቸው አንድ ምስክር ጠርቶ መኪናውን ከጥላው አወጣት። ወይዘሮ ሰሚራ እጇን ከእጀታው ላይ አንሥታ ግንባሬን ሳመችኝ፤ “ጀነት ያስገባሽ” እያለች አለቀሰች፣ እንደ ልጅ በሳግ። እኔ ግራ እጄን በቦታዋ አሳረፍኩ። መብራቱ ቢጫ ሆነ፤ ለአዲስ ቁልፍ አረንጓዴ እስኪሆን አንድ ደቂቃ ይፈጃል።

በዚያ ደቂቃ ውስጥ ስልኬ ጠራ። በቀኝ እጄ ከቀሚሴ ኪስ አውጥቼ አየሁት፤ ፌቨን ናት። ዕለቱ ቅዳሜ ነው፤ የአውቶቡሱ ሰዓት ነው። እስኪያበቃ ጠራ፤ ቆመና እንደገና ጠራ። አማን “አያነሡትም እማማ?” አለኝ።

ማንሳት እችል ነበር። አላነሳሁትም።